ለምርምር የወጣው ብር እንዴት ይመለሳል፦ ከአንድ የድሬዳዋ የለውዝ ቅቤ ማምረቻ

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ መካከለኛ የለውዝ ቅቤ ማምረቻ የጥራትና የአዲስ ምርት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ክፍል ስል ሰፊ ነገር እንዳይመስላችሁ። እኔ አለሁ፣ አንዲት የላቦራቶሪ ልጅ አለች፣ ሚዛንና የእርጥበት መለኪያ አለን፣ ከመጋዘኑ ጥግ የተከለለች ጠባብ ክፍል አለችን። የምጽፈው እንደኛ ላሉ ድርጅቶች ነው፦ ተመራማሪ የመቅጠር አቅም የላቸውም፣ ባለቤቱ ግን ስብሰባ ላይ "እኛም ምርምር እንጀምር" ብሏል። መጀመሩስ ቀላል ነው። ብሩ ሲመለስ ማየት ነው የሚከብደው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ከሽያጫችን ስንት በመቶ እንመድብ?" ብሎ ነው። ሁዋዌ በ2023 እ.ኤ.አ. ከገቢው 23 በመቶ ገደማ ለምርምር አውጥቷል። ይሁን፤ እሱ የሚሸጠው የቴሌኮም መሣሪያ ነው፣ እኛ የምንሸጠው የዳቦ ማባያ። ለእንደኛ ዓይነቱ ቤት መቶኛ ምንም አይነግርም። የሚነግረው የወጪ ደብተሩ ነው፤ አንድ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት በደብተሩ ላይ የትኛውን መስመር እንደሚነካ ካልታወቀ እኔ ፊርማዬን አላኖርም።

ጥያቄውን ከደብተሩ አውጡት

ከአንድ ኪሎ ምርት ወጪ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚበላው ምንድን ነው? እኛ ጋ ጥሬ ለውዙ ነው። ስለዚህ የማሸጊያ ቀለም ከመቀየራችን፣ አዲስ ጣዕም ከማሰባችን በፊት ለውዙን ማየት ነበረብን። በምሳሌ ላሳያችሁ፤ ቁጥሩ ለስሌት እንዲመች የተመረጠ ነው፣ የእናንተን አስገቡበት።

አንድ ኩንታል የተፈለፈለ ለውዝ በኪሎ 150 ብር ገዛችሁ እንበል፤ 15,000 ብር ነው። ለቃሚዎቹ የጠቆረውን፣ የተጨማደደውንና የሻገተውን 12 ኪሎ አውጥተው ጣሉ። ሲቆላና ልባሱ ሲወልቅ ሌላ 8 ኪሎ ሄደ። የተረፈው 80 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ እውነተኛው የጥሬ ዕቃ ዋጋ በኪሎ 150 ሳይሆን 187 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። አሁን የሚጣለውን ከ12 ወደ 7 ኪሎ አወረዳችሁ እንበል። 85 ኪሎ ታገኛላችሁ፣ ዋጋው ወደ 176 ብር ከ50 ይወርዳል። በኪሎ 11 ብር ተረፈ ማለት ነው። በወር 20 ኩንታል የሚያመርት ቤት 22,000 ብር ያገኛል። ለዚህ ለውጥ ጥናቱም ማሽኑም 150,000 ብር ቢፈጅ በሰባት ወር ይመለሳል። ይህን በአንድ ገጽ ጽፎ ማሳየት ያልቻለ ሰው ገና ጥያቄ የለውም፤ ምኞት ነው ያለው።

ወጪውን ስትጽፉ የምትረሱት ነገር ይኖራል፦ የሚበላሸው የሙከራ ለውዝ፣ ማሽኑ ለሙከራ ሲቆም የሚቀረው ምርት፣ የናሙና ምርመራ ክፍያ፣ ለውዙ ወደሚመጣበት ወደ ባቢሌ መመላለሻ ነዳጅ። የሂሳብ ሠራተኛዋ ለብቻው መዝገብ ትክፈትለት። ከመደበኛው ወጪ ጋር ከተቀላቀለ በዓመቱ መጨረሻ ምርምሩ ይክሰር ያትርፍ የሚያውቅ አይኖርም።

ምክንያቱን ከምንጩ ፈልጉ

12 ኪሎው ለምን ይጣላል? ማሽን ሻጭ ብትጠይቁ በካሜራ የሚለቅም ማሽን ግዙ ይላችኋል። እኛ መጀመሪያ ያደረግነው የእርጥበት መለኪያውን ይዘን ለውዙ እስከሚመጣበት መሄድ ነበር፤ ደንገጎን ወጥቶ፣ ሐረርን አልፎ፣ ባቢሌ።

በደንብ የደረቀ የለውዝ ፍሬ እርጥበቱ ከ7 በመቶ ገደማ አይበልጥም። ከማሳ የመጣውን፣ ከነቅርፊቱ ያለውን ስንለካ ብዙው ደህና ነበር። ተፈልፍሎ በጆንያ የታሰረውን ስንለካ ግን ቁጥሩ ወደ ላይ ዘለለ። ያው ለውዝ፣ ያው ገበያ። አንዱን ነጋዴ ስጠይቀው ሳቀብኝ፦ "አቦ፣ ደረቁን እስኪ ፈልፍለሽ እይው፣ ጣትሽ ይላጣል!" ቅርፊቱ እንዲለሰልስ ውሃ ይረጩበታል። በእጅ ለሚፈለፍል ሰው እውነቱን ነው። ችግሩ ውሃው ፍሬው ውስጥ ይገባል፣ በጆንያ ታስሮ ሙቀት ሲያገኝ ሻጋታ ያበቅላል። ሚዛን ላይም እኛ ውሃውን በለውዝ ዋጋ እየገዛን ነበር።

ሻጋታው ከሚጣለው ኪሎ የባሰ መዘዝ አለው። አስፐርጂለስ የሚባለው የሻጋታ ዓይነት አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ይሠራል፤ ጉበት የሚጎዳ፣ ካንሰርም የሚያመጣ ነው። በዓይን አይታይም፣ አይሸትም፣ ብትቆሉትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት ለቀጥታ ምግብነት በሚቀርብ ለውዝ ላይ የፈቀደው በኪሎ 4 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ለምርመራ ናሙና ስትልኩም ተጠንቀቁ። መርዙ በጆንያው ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ ጥቂት የተበከሉ ፍሬዎች አንድ ኩንታል ያስጥላሉ፣ ከአንድ ጆንያ አፍ የተዘገነ እፍኝ ደግሞ ንጹሕ ሊወጣ ይችላል። ከብዙ ጆንያ፣ ከላይም ከመካከልም ከታችም ተወስዶ፣ ተፈጭቶ፣ ተቀላቅሎ ነው ናሙና የሚሆነው። ብዙ ቤት ለምርመራው ከፍሎ ለናሙናው ግን ሰነፍ ነው፤ ያ የተጣለ ብር ነው።

መፍትሔው ከተገኘ በኋላ እንኳን ሂሳብ አለው። ለውዙን ከነቅርፊቱ ገዝተን በማሽን በደረቁ ብንፈለፍል ውሃው ቀረ። ነገር ግን ከአንድ ኩንታል ያልተፈለፈለ ለውዝ የሚወጣው ፍሬ ከ65 እስከ 70 ኪሎ ነው፤ የቀረው ቅርፊት ነው። እስከ ድሬ ድረስ ለቅርፊት የመኪና ኪራይ መክፈል የተገኘውን ትርፍ መልሶ ይበላል። የሚያዋጣው መፈልፈያውን እዚያው ባቢሌ፣ ነጋዴው ግቢ ውስጥ መትከል ነው። ነጋዴው በሚደርቀው ኪሎ እንዳይጎዳ እርጥበቱ ከ7 በመቶ በታች ለሆነ ፍሬ በኪሎ ጥቂት ብር ጭማሪ መክፈል ያስፈልጋል፤ ለውዙን መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ላይ ማስጣትም በዚሁ ውል ይገባል። የካሜራው ማሽን? አልተገዛም። ለእኛ መጠን አያዋጣም።

ሙከራውን ዕቃው በሚሸጥበት ሙቀት አድርጉት

ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤታችን ነው፣ በምግብ ሳይንስ የሚመረቁ ልጆችም አሉት። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ ለእንደኛ ድርጅት በረከት ነው፣ ጥያቄውን እናንተ እስከሰጣችሁት ድረስ። "ስለ ለውዝ ቅቤ ጥናት" ብላችሁ ከለቀቃችሁት ለመምህሩ የሚስማማ ወረቀት ይወጣል። "ዘይቱ ሳይለይ መደርደሪያ ላይ ስንት ሳምንት ይቆያል፣ በምን ያህል ተጨማሪ ወጪ?" ብላችሁ ከሰጣችሁት የምትሸጡት መልስ ይመጣል። ውጤቱ የማን እንደሆነና መቼ እንደሚታተም በአንድ ገጽ ተፈራረሙ፤ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ኋላ ግን ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀራለች።

ሐረማያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ ድሬ 1,200። እዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ ረግቶ የተቀመጠ የለውዝ ቅቤ ቀፊራ ገበያ በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ሌላ ነገር ነው። ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ከታች እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ስለዚህ የመጨረሻው የቆይታ ሙከራ የሚደረገው ጥላ በሌለበት ኪዮስክ ውስጥ ነው፤ ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ፣ ቴርሞሜትር ሰቅላችሁ።

እዚያ ቁጭ ስትሉ ደግሞ ላቦራቶሪ የማያሳየውን ታያላችሁ። አንዲት ደንበኛችን የሆነች ባለሱቅ ዕቃዎቹን ሁሉ በአፋቸው ደፍታ ደርድራቸው አገኘኋት። ለምን ስላት፣ "ዘይቱ ከላይ ሲታይ ሰው አሮጌ ነው ይለኛል። ስደፋው ዘይቱ ወደ ዕቃው ቂጥ ይሄዳል፣ ሲገዙ ስገለብጠው ራሱ ይቀላቀላል" አለችኝ። እኛ ማርጊያ ስብ ከውጭ ለማስመጣት፣ የውጭ ምንዛሬ ፍለጋ ደብዳቤ ልንጽፍ ነበር። ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ የሚሆን የረጋ የአትክልት ስብ ዘይቱን ይይዘዋል፤ ሳይንሱ ትክክል ነው። ከእሷ ሱቅ የወጣው ሐሳብ ግን ሌላ ነበር፦ አፉ ሰፋ ያለ ዕቃ፣ ክዳኑ ላይ "ገልብጠው ያስቀምጡ፣ አማስለው ይጠቀሙ" የሚል ጽሑፍ፣ ለአንድ ቁርስ የሚበቃ ትንሽ ፓኬት። ፓኬቱ ለመለየት ጊዜ የለውም፤ ተገዝቶ ወዲያው ይበላል። ተማሪና ሾፌር ነው የሚወስደው።

ኬንያ ውስጥ የሆነውም ይሄው ነው። ኤምፔሳ ሲሞከር፣ በ2005 እ.ኤ.አ.፣ የታሰበው ሰው ከአነስተኛ ብድር ተቋም የወሰደውን ብድር በስልክ እንዲመልስ ነበር። ሙከራውን ያደረጉት ሰዎች ተጠቃሚው ስልኩን ለሌላ ነገር፣ እርስ በርስ ገንዘብ ለመላላክ ሲጠቀምበት አዩ። በ2007 እ.ኤ.አ. ሳፋሪኮም ለሕዝብ ሲያቀርበው ገንዘብ ወደ ቤት ላኩ ብሎ አቀረበው። የብድሩን ሐሳብ ሙጭጭ ብለው ቢይዙ ኖሮ ዛሬ እኛም አገር ድረስ አይመጣም ነበር።

ከትንሹ ብረት ምጣድ ወደ ትልቁ በርሜል

እዚህ ላይ ብዙ ሙከራ ይሞታል። በአምስት ኪሎ ምጣድ ላይ ግሩም የሆነው አቆላል ሃምሳ ኪሎ በርሜል ውስጥ ሲገባ ያርራል ወይም ጥሬ ይቀራል። ምክንያቱ ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ብዙ ለውዝ ከእሳት ከወረደ በኋላም በውስጡ በያዘው ሙቀት መቆላቱን ይቀጥላል። በምጣዱ ላይ ቀለሙ "በቃ" ሲል ታወርዱታላችሁ፤ በበርሜሉ ግን ቀለሙ "በቃ" ሲል ካወረዳችሁት አልፏል። ቀደም ብሎ ማውረድና ከሥር አየር የሚነፋበት ወንፊት ላይ ዘርግቶ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል።

ወንፊቱንና ማራገቢያውን ከውጭ ማዘዝ የለባችሁም። ድሬ የምድር ባቡር ልጅ ናት፤ ባቡሩ ከደረሰበት ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብረት እያቀለጠች፣ እየቆረጠች፣ እየቀጠለች የኖረች ከተማ ናት። ቶርኖ ቤቶቻችን ውስጥ ሥዕል ሳይኖር የማሽን ዘንግ (እነሱ ዘንግ ይሉታል፣ እኔ ሻፍት) አይተው የሚሠሩ ሽማግሌዎች አሉ። ሥዕሉን ግን እናንተ ሥሩ፤ ልኬቱን ጻፉ። ሽማግሌው የሠራውን ሁለተኛ ማሠራት ስትፈልጉ እሱ ሳይኖር መሠራት መቻል አለበት። ከምጣዱ ወደ በርሜሉም በአንዴ አትዝለሉ፤ በመካከል አሥራ አምስት፣ ሃያ ኪሎ ላይ ቆማችሁ ጊዜውንና ሙቀቱን መዝግቡ።

መቁያው ላይ የሚሠራውን ሰው ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን አስገቡት። የእኛው ሰው ከቴርሞሜትሩ በፊት በድምፁ ያውቃል፤ ልባሱ ሲንጣጣ ያለውን ለውጥ ይሰማል። ብክነት በቀነሰ ቁጥር ለእሱና ለለቃሚዎቹ የምትሰጡት ጉርሻ በምርምር ሂሳብ ውስጥ የተጻፈ ይሁን። የአለቃ ቸርነት ከሆነ ይረሳል።

ፈልስፉ ሳይሆን አስማሙ

ከቀዚራ እስከ ሳቢያን የሚያመላልሰንን ባጃጅ ተመልከቱ። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ በ1960 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከጣሊያኑ ፒያጆ ፈቃድ ገዝቶ ነው ማምረት የጀመረው። ፈቃዱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሳይታደስ ሲቀር ሠራተኞቹ ማሽኑን ስለሚያውቁት በራሳቸው ቀጠሉ። ቴክኖ ስልክም እንደዚያው ነው። ትራንሽን የተባለው የሼንዘን ኩባንያ ስልክን አልፈለሰፈም፤ ለጠቆረ ቆዳ የሚስማማ ካሜራ፣ ከአንድ በላይ ሲም፣ አማርኛ ፊደል ጨመረበት፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚሁ ኢትዮጵያ መገጣጠሚያ ከፈተ። ትርፉ የተገኘው ከማስማማቱ ነው።

በዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ የማያውቀው ጥቅም አለ። ፓተንት አገር አለው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያልተመዘገበ ፓተንት ኢትዮጵያ ውስጥ አያስጠይቅም፣ ጊዜው ያለፈበትም የሁሉ ነው፣ ሰነዱ ደግሞ አሠራሩን ዘርዝሮ ነው የሚጻፈው። አንብቡት፣ ነጻ ትምህርት ነው። ዕቃውን ፓተንቱ ወደሚከበርበት አገር ከላካችሁ ግን ይያዛል፤ ጅቡቲ ወደብ ከመድረሱ በፊት አጣሩ።

የራሳችሁን ማሻሻያ ለመጠበቅ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 የተፈቀደ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት አለ። ለአነስተኛ ፈጠራ ነው፤ ለአምስት ዓመት ይሰጣል፣ ለሌላ አምስት ይታደሳል። እንደ ማቀዝቀዣው ወንፊት ሰው አይቶ ሊቀዳው የሚችለውን አስመዝግቡ፣ ማመልከቻው ሳይገባም ባዛር ላይ አታቁሙት። የአቆላል ሰዓትና ሙቀት ግን ከግድግዳ ውጭ አይታይም፤ እሱን በመዝገብ ቆልፋችሁ ያዙት። ስምም ሀብት መሆኑን የሐረር ቡና አስተምሮናል፦ ኢትዮጵያ በ2005 እ.ኤ.አ. የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋጨፌን ስሞች አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት እንዲሆኑ አመልክታ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ተስማምታለች። በንግድ ምልክት ላይ የምታወጡት ጥቂት ሺህ ብር የምርምር ወጪ ነው፤ እዚያው መዝገብ ላይ ጻፉት።

የምግብ ነገር ከሆነ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ፈቃድና የአገሪቱን የጥራት ደረጃ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩት፤ ሙከራው ካለቀ በኋላ ከጀመራችሁት ዕቃው መጋዘን ውስጥ ይጠብቃል፣ ለውዝ ደግሞ መጠበቅ አይችልም።

የሚቆምበትን ቀን ጻፉ

ሙከራ ሲጀመር የሚቆምበት ቁጥር አብሮ ይጻፍ፤ "ብክነቱ ከ9 ኪሎ በታች ካልወረደ፣ ወይም ወጪው ይህን ካለፈ እናቆማለን" ብላችሁ። ያን ቁጥር የሚፈርመው ሙከራውን የሚወደው ሰው አይሁን። የሕንዱን መኪና ታታ ናኖን አስታውሱ። መሐንዲሶቹ መኪናውን በመቶ ሺህ ሩፒ ለማውጣት ተሳክቶላቸዋል፤ ምርምሩ አልከሸፈም። ገዢው ግን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ "በዓለም ርካሹ መኪና" ሲባልለት በኩራት የሚነዳው ነገር አላየበትም፣ በ2018 ምርቱ ቆመ። በላቦራቶሪ ያለፈና በገበያ የወደቀ ሙከራ የተለያየ መዝገብ ይኑረው፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ዋጋውን ወይም ስሙን በመቀየር ይነሳል።

ሌላው ቤት ሲቀዳችሁ አትደንግጡ፣ ይቀዳል። ፓኬቱን አይተው በአንድ መኸር ውስጥ ሊሠሩት ይችላሉ። የማይቀዱት ባቢሌ ካለው ነጋዴ ጋር ያላችሁን ውል ነው፤ ስለዚህ ከ11 ብሩ የተወሰነውን ለእሱ ጭማሪ፣ የተወሰነውን ለዋጋ ቅናሽ፣ የቀረውን ለቀጣዩ ጥያቄ ክፈሉት። ሁሉንም ለትርፍ ካስገባችሁት ነጋዴው በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ይሸጣል።

ጊዜውን በተመለከተ፦ የባቢሌ ለውዝ በብዛት የሚወጣው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ያኔ ዋጋው ይወርዳል፣ እርጥበቱ ግን ከፍ ይላል። ስለዚህ መለኪያው በነሐሴ ተስተካክሎ፣ መፈልፈያው በመስከረም ተተክሎ፣ የጭማሪው ውል ከመጀመሪያው ጭነት በፊት ተፈርሞ መጠበቅ አለበት። በኅዳር የተጀመረ ሙከራ የሚቀጥለውን ጥቅምት ይጠብቃል፣ የዓመቱን ለውዝም ያኔ በውሃ ክብደት ገዝታችሁታል።